ጀርባው በክር የተሰፋ ኮሌጅ

ጥቅምት 4

ለተከበርሽው የእህቴ ልጅ፣ ለብልቃጥ፦

በዚህ ዓመት ከጠረዝኳቸው መጻሕፍት ቁጥር የበዛ ሰላምታ ይድረስሽ። ለአንቺ ጤና፣ ለጫማሽ ሶል ዕድሜ እመኛለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሐኪም ቤቱ የካርድ ክፍል የበሽተኛ ካርድ ስትፈልግ ትውላለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ መነጽሯን ትፈልጋለች። እኔም ከሙጫዬና ከመቀሴ ጋር አለሁ።

እሑድ እሑድ በስልክ እንደምታወሩ አውቃለሁ። ስልክ ግን የእናትሽ ነው። ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ስለምታስቀምጠው፣ አንቺ ስታስነጥሺ ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ "ይማርሽ" ይላል። ቁም ነገር በደብዳቤ ነው። ይህን ለብቻሽ አንብቢ።

ታናሽ ወንድምሽ ማስመሪያው ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈ። እንደምታውቂው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ አሁን ደግሞ የሕንፃ ንድፍ ካልተማርኩ ብሎ ቀጥ ብሏል። ሁለት አገር ተቀብሎታል። አንደኛው ያንቺ ኮሌጅ ነው፤ የሕንፃ ንድፍም ከፍተናል ብለው ጽፈውልናል። ሁለተኛው ሰሜን ያለ፣ በረዶ የሚበዛበት አገር ነው። መልሳችን እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ ፖስታ ቤት መግባት አለበት።

የሰሜኖቹ የትምህርት ቤት መግለጫ ስድስት ገጽ ነው። በስቴፕለር ሁለት ቦታ ተመትቷል፤ አንዱ ሽቦ ዝጓል። ያንቺ ኮሌጅ መግለጫ ግን ትዝ ይልሻል፤ ወፍራም ወረቀት፣ በክር የተሰፋ ጀርባ፣ ሽፋኑ ላይ ያ ባለ ዓምዱ በርና የአትክልቱ ስፍራ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንቺና እናትሽ በሦስት አገር መግለጫ ስትከራከሩ፣ ጥፍሬን በጀርባው ላይ አሳልፌ "ይሄ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። "መግለጫውን በክር የሰፋ ኮሌጅ ተማሪውን አይበትንም" አልኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ዩኒቨርሲቲ መረጠ ተብሎ ሠፈሩ እስካሁን ያወራል። ሠፈሩ ዝም ሲል እኔ አወራለሁ።

አሁንስ ምን እንምረጥ? የእናትሽ ልብ ከአንቺ ዘንድ እንዲሆን ነው፤ ክፍል ትጋሩ ነበር፣ ሲያመው የምታስታምመው እህት ትኖረው ነበር። አንቺ እዚያ ያለሽው ንገሪን። መምህራኑ እንዴት ናቸው? የመድኃኒት ቅመማ ቤተ ሙከራው ምን ይመስላል? ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ሲቀደድ ማን ይጠግንለታል? ያለፈው ደብዳቤሽ ሙሉውን ስለ አውቶቡስ ነበር። አውቶቡስ እኛም አለን።

መልስሽን እንደ ደመወዝ ቀን የሚጠብቅ፣
አጎትሽ ጠራዡ


ኅዳር 9

ለተከበሩ ጋሼ፦

ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለእርስዎም ለእናቴም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራና ትምህርት ተደራርቦብኝ ነው።

የማስመሪያውን ውጤት ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ከተማው ጥሩ ነው። መንገዶቹ ንጹህ ናቸው። ሰዎቹም ጥሩ ናቸው። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከአንዲት ልብስ ተኳሽ ጋር እኖራለሁ፣ በመካከላችን መጋረጃ አለ። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ስለሆነ ግን ብርሃን አያሳጣንም።

በትርፍ ሰዓቴ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። አንሶላ የምናጥፈው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ተቆጣጣሪዋ ፈትታ ትመልስልናለች። ሕፃን ሆኜ ወረቀት ሳጣጥፍልዎ "ጠርዙን በጥፍርሽ" ይሉኝ ስለነበር የእኔን ፈትታ አታውቅም።

ሰሜን ያለውም አገር ጥሩ ነው ይባላል። ማስመሪያው በደንብ ቢያስብበት ይሻላል። ብርድ ይለመዳል።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 25

ለብልቃጥ፦

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ የአንቺንም መድረሻ ቀን ያቅርብልን።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእናትሽ፣ አንዴ ደግሞ የጎደለውን ስፈልግ። መምህር ብጠይቅሽ አንሶላ ሰጠሽኝ። ቤተ ሙከራ ብጠይቅሽ መጋረጃ ሰጠሽኝ። "ብርድ ይለመዳል" የምትለውስ ምንድን ናት? አንቺ እዚህ ሳለሽ በሐምሌ ሁለት ካልሲ ደርበሽ የምትተኚ ልጅ ነበርሽ።

እናትሽ ሰምታ ፊቷ ጠቆረ።

"ወንድሟ እንዳይመጣባት ነው" አለች።

"ተይ እንጂ፣ ልጅቱ አስቡበት አለች እንጂ አትምጡ አላለችም።"

"እኔ ወልጃታለሁ። አትምጡ ስትል እንደዚህ ነው የምትለው። እህት ለወንድሟ ቦታ ከነፈገች ለማን ልትሰጥ ነው?"

አየሽ፣ ጠበቃሽ እኔ ነኝ፤ ማስረጃ ግን አልሰጠሽኝም። ስለዚህ ከኮሌጁ በር ላይ የተነሣሽው አንድ ፎቶግራፍ ላኪ። ከዚያ እናትሽ እሱን ትስማለች፣ እኔም ክርክሩን አሸንፋለሁ።

ሌላ ጉዳይ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን እዚያ እንዳታስጠርዢ። ቅጠል በቅጠል ላኪልኝ። ሽፋኑን ከአሁኑ ቆርጬዋለሁ፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ "የመድኃኒት ቅመማ" የሚለውን በወርቅ ቀለም አትሜበታለሁ። ስንት ገጽ እንደምትጽፊ ስለማላውቅ የጀርባውን ስፋት ትቼዋለሁ። ብዙ ጻፊ፤ ቀጭን ጀርባ ላይ ፊደል አያምርም።

ማስመሪያው ሁለቱንም ቅጾች ከታች ፈርሞ ሰጥቶኛል። በእኛ ቤት ቅጽ የሚሞላ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ከሞላው "ዕድሜ" በሚለው ቦታ "ደህና" ብሎ ይጽፋል። አንቺ የተለየ ነገር ካላልሽ ያንቺ ኮሌጅ ላይ "እቀበላለሁ"፣ የሰሜኖቹ ላይ "አልቀበልም" ብዬ እልካለሁ። ያንን አሮጌ መግለጫሽንም ለማስመሪያው ላድስለት ነው። እናትሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስታሳየው ጫፍ ጫፉ ተበልቷል።

አጎትሽ፣ ያለ ማስረጃ የሚከራከረው


ታኅሣሥ 8

የእህቴ ልጅ፦

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታውን አላረዝምም። ያለፈው ደብዳቤዬ ገና መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን ተዪውና ይህን መልሺ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መግለጫውን ለማደስ ፈታሁት። መጽሐፍ ሲጠረዝ ጀርባው እንዲጠነክር በክሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት በሙጫ ይለጠፋል። ማንም ስለማያየው የተበላሸ ኅትመት ነው የምንለጥፈው፤ እኔ አሮጌ ጋዜጣ እለጥፋለሁ። የእነሱ ማተሚያ ቤት የለጠፈው የሌላ ደንበኛውን ሥራ ነው። በሞቀ ውሃ አርሼ ቀስ ብዬ ላጥኩት። የመዳፌን ያህል ቁራጭ ወጣ። ላዩ ላይ ያ ባለ ዓምዱ በር አለ። ያው አትክልት ስፍራ፣ ያው ሥዕል፤ ሣሩ ላይ የተጋደመችው የውሃ ጎማ እንኳ አልቀረችም። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል ፈታሁት። "መቶ አርባ የመኝታ ክፍሎች፣ ቁርስን ጨምሮ" ይላል።

በመጀመሪያ፣ ሆቴሉ ይሆናል ከኮሌጁ ሥዕል የወሰደው ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ከዚያ ያንቺ አንሶላዎች ትዝ አሉኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ቁራጩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቅጾቹም በእጄ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ትምህርት ቤት አለ ወይስ የለም? በፈጣን ፖስታ መልሺልኝ። ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶናል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15

ጋሼ፣

የለም።

ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ ግን ሰላምታ ከጀመርኩ እንደ ሁልጊዜው ሰላምታው ውስጥ ተደብቄ እቀር ነበር።

የደረስኩ ቀን ሥዕሉን ለታክሲ ነጂው በስልኬ አሳየሁትና በቀጥታ እዚያ በር ላይ አወረደኝ። ጥበቃው ሻንጣዬን አይቶ "ኮሌጅ? ከገበያው ጀርባ ነው። ሁላችሁም እዚህ ነው የምትመጡት" አለኝ። ኮሌጁ ከጎማ መሸጫ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ሃያ ሰባት ተማሪዎች ነበርን። ለአራት ወር አንድ ሰው እየመጣ ከመጽሐፍ አነበበልን። በኋላ እሱም ቀረ። ጸሐፊዋ ግን አልቀረችም፤ ክፍያ ትቀበላለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ "መምህር እየቀጠርን ነው" ትላለች። በሁለተኛው ዓመት የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ፣ እንዲህ የሚባል ኮሌጅ መዝገብ ላይ የለም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የለኝም።

ሥራ መፈለግ ግድ ሲሆንብኝ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። በከተማው ውስጥ የማውቀው ሕንፃ እሱ ብቻ ነበር። ፎቶግራፍ ላኪ ብለውኛል፤ በዚያ በር እኛ አንገባም። የሠራተኛ መግቢያ ከኋላ በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ነው። ከማጠቢያው ክፍል መስኮት ግን የፊቱ በር ይታያል። በየዓመቱ ትምህርት ሊጀመር ሲል ልጆች ሻንጣ እየጎተቱ ይመጣሉ፤ ጥበቃው እጁን ወደ ገበያው ይዘረጋላቸዋል። ዘንድሮ አንዷን ልንገራት ብዬ ሮጥኩ። ክንዴ ላይ አንሶላ ነበረ። እሷ ግን ገና አፌን ሳልከፍት "አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ክፍል አልፈልግም" ብላኝ ሄደች።

ለምን አልነገርሽንም ይሉኛል። በየእሑዱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እደውላለሁ። እናቴ ስታነሳው ከኋላዋ የእርስዎ ድምፅ ይሰማኛል። "የመረጥኩላት እኔ ነኝ" ሲሉና ሰው ሲስቅ እሰማለሁ። ከዚያ ስለ አውቶቡስ አወራለሁ።

ማስመሪያው እንዳይመጣ ያድርጉልኝ። እንዴት እንደሚያደርጉት አላውቅም፤ እርስዎ ዘዴ አያጡም። ለእናቴ ግን አይንገሩብኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 9

ለብልቃጥ፦

እግርሽ የቆመበት ሁሉ ይጽናልሽ። ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ መቀሴ ቀጥ ብሎ አልሄደልኝም፤ የአንድ ጠበቃ መዝገብ አበላሸሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። የመጽሐፍ ጀርባ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉን ዳስሶ የሚያውቅ ይመስለዋል። ለመግለጫ ያን ያህል የሚደክም ሰው ሌላ የሚደክምበት ሥራ እንደሌለው ማሰብ ነበረብኝ። ክሩን አየሁና ዓይኔ ታሰረ።

ቅጾቹን ሞላሁ። ያንቺ ኮሌጅ ላይ "አልቀበልም"፣ የሰሜኖቹ ላይ "እቀበላለሁ"። ሁለቱንም ፖስታ ቤት ከተትኩና ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ምክንያት ሲጠይቁኝ ምን ልበል? አንቺ አፌን ዘግተሽዋል።

"እንዲያው ደስ ስላለኝ ነው" አልኳቸው።

"ምን ማለት ነው ደስ ስላለኝ?" አለ ማስመሪያው።

"በረዶ አይቼ አላውቅም። አንተ አይተህ ትጽፍልኛለህ ብዬ ነው።"

"ጋሼ፣ እየቀለዱ ነው አይደል?"

እናትሽ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ዕድሜህን ሙሉ ስትቀልድ ዝም አልኩህ" አለችኝ። "በራስህ ዕድሜ ነበራ። አሁን በልጄ ቀለድክ። እህቱ ያለችበት አገር እያለ፣ ማንም ወደሌለው በረዶ ጣልከው።" ከዚያ ቀን ወዲህ በሱቄ በኩል አታልፍም። ወደ ሐኪም ቤት የምትሄደው በወንዙ በኩል ዞራ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይጨምርባታል።

ይህንን እችለዋለሁ። የማልችለው ሌላ መጣ። ማስመሪያው "አጎቴ ነው ያለ ፈቃዴ የሞላው፣ እመጣለሁ" ብሎ ለኮሌጁ ራሱ ሊጽፍ ነው። እነሱ ደግሞ ለማን እምቢ ብለው ያውቃሉ? አድራሻቸውን ደበቅኩበት። "የውጭ ፖስታ አሁን ቆሟል" ብዬ ዋሸሁት። እስከ ወር መጨረሻ ላቆየው እችል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ተንኮሌ አለቀ። ልጁን የሚያስቆመው የኔ እጅ አይደለም፣ ያንቺ አፍ ነው።

እና ነይ። ያለ ዲግሪ ነይ። ሰው ምን ይላል ካልሽ፣ የሚለውን እኔን ይበለኝ።

አጎትሽ


ጥር 19

ለተከበሩ ጋሼ፦

በእኔ ምክንያት ፊት ለተነሡት ለእርስዎ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

የካቲት የገባ የመጀመሪያው እሑድ፣ በተለመደው ሰዓት እደውላለሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይሁን፣ ድምፁም ለቤቱ ሁሉ ይከፈት። ሁለት ጊዜ ልናገረው አልችልም። እናቴ ባትጠራዎትም ይግቡና እዚያ ይሁኑ። እስከዚያ ማስመሪያውን ያቆዩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 11

ለብልቃጥ፦

በዘገየ ቁጥር የከበደ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሳልጽፍልሽ ስምንት ወር ሆነኝ። ብዕር እያነሳሁ አስቀምጠው ነበር። ለሠላሳ ዓመት ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ ሳላስቅ መጻፍ የማላውቅ ሆኜ ተገኘሁ።

አንቺ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ የሆነውን አታውቂም። እናትሽ እዚያው እንደተቀመጠች ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው፣ ገና ድምፅ የሚወጣው ይመስል። ማስመሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ዘንድ ቆመ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። አልጮኸችም።

"ለሁለቱም ልጆቼ አንተ ነህ የመረጥክላቸው" አለችኝ።

"አዎ።"

"ለመጀመሪያዋ በክር መረጥክላት። ለሁለተኛውስ? የሰሜኑ ደህና መሆኑን በምን አወቅክ?"

"አላወቅኩም" አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። የማውቀው ያንኛው መጥፎ መሆኑን ብቻ ነው። መውጫውን አይቼ መግቢያውን ሳላይ ነው ልጁን የሰደድኩት።

ማስመሪያው ነሐሴ ውስጥ ሄደ። አልሸኘሁትም፤ አልተጠራሁም። ባለፈው ሳምንት እናትሽ ሱቄ መጣች። በሱቄ በኩል ማለፍ ከተወች ዘጠኝ ወር ሆኗታል። ሳትቀመጥ የልጁን ደብዳቤ መቁረጫው ላይ አስቀመጠችና "ይኸው፣ አንብበው" ብላኝ ወጣች። የሚከተለው እንዳለ የቀዳሁት ነው።

"እማዬ፣ ደህና ነሽ? እኔ እንደነገሩ ነኝ። ክፍሌ ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያው ሌሎቹን ሁሉ አሙቆ እኔ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል። ቤተ መጻሕፍት ወንበር ለማግኘት በማለዳ መሰለፍ አለብኝ። የንድፍ መምህራችን አንድ ሽማግሌ ነው። ሦስት ቀን የሠራሁትን ከግድግዳ ላይ አንሥቶ 'ይህ ደረጃ የት ያደርሳል? ወደ ኮርኒሱ?' አለና ሁሉም ሳቁብኝ። ከዚያ በቀይ እርሳስ ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። ሐሙስ እንደገና አምጣ አለኝ። እጠላዋለሁ። እንደዚህ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ለጋሼ ንገሪልኝ፤ በረዶውን አይቼዋለሁ፣ ምንም የሚያስቅ ነገር የለውም።"

እናትሽ ለምን እንዳመጣችልኝ ገብቶኛል። ልጄ እየተሠቃየ ነው፣ የሥራህን እይ ማለቷ ነው። ምናልባትም ልክ ናት። እኔ ከእንግዲህ በራሴ ፍርድ አላምንም፤ እዚህም የምጠይቀው የለኝም። ከውጭ የሚጻፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንብቢውና ሳትራሪልኝ ንገሪኝ። ልጁን ከአንድ ጉድጓድ አውጥቼ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት ወይ?

አጎትሽ


ጥቅምት 27

ለተከበሩ ጋሼ፦

ሰላምታዬና ናፍቆቴ ባሉበት ይድረስዎ። ስለ እኔ እንዳይጨነቁ። የመመለሻ ወረቀት ለማውጣት አመልክቼ ነበር፤ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ያለ ፈቃድ የኖርሽበት ጉዳይ መጀመሪያ ይታያል፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ ብላኛለች። አሁንም ከማጠቢያው ክፍል አልወጣሁም።

የማስመሪያውን ደብዳቤ በምሳ ሰዓት የእንፋሎቱ ማሽን አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነተኛ ደብዳቤ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ነው ያለው፣ ይህንን ለእናቴ ሄደው ይንገሯት። በሩን ባይከፍቱልዎ ደጅ ቆመው ይንገሯት። ሽማግሌው ሥራውን አይቶለታል፣ ሰርዞበታል፣ ሐሙስ አምጣ ብሎታል። እኔ ለእናንተ በጻፍኩት ሁሉ ከተማው ጥሩ ነበር፣ ሰዎቹም ጥሩ ነበሩ።

በአራት ዓመት ውስጥ አንድም የምጠላው መምህር አልነበረኝም።

የእህትዎ ልጅ